ሦስት ትንፋሽ

ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ስትደርስ ቀዩ እስክሪብቶ ከእጇ ወደቀ።

እስከ ስልሳ ድረስ ሥራው ቀላል ነበር። አክስቷ ሩቅ አገር ከቡድሂስት መነኮሳት ዘንድ ተምራ የመጣች የማሰላሰል አስተማሪ ናት። ሰዎችን ትራስ ላይ አስቀምጣ ትንፋሻቸውን መከታተል ታስተምራለች፤ ስለዚሁም ትጽፋለች። ሁለተኛው መጽሐፏ ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል። የፊደል ግድፈት የምታርምላት የአሥራ አራት ዓመቷ የእህቷ ልጅ ናት።

«አንዲት ተማሪ አውቃለሁ» ይላል ገጹ። «በሒሳብ ፈተና መሀል ፍርሃት ያዛት። የመልስ ወረቀቷ ላይ አስመለሳት። ዓይኗን ጨፍና ሦስት ጊዜ ተነፈሰች። ተረጋጋች። ፈተናውንም ጨረሰች።»

ልጅቷ ገጹን ደግማ አነበበችው።

ክፍሉ በሙሉ ‹ምሳዋ አልተስማማትም› ብሎ ነው የሚያውቀው። እናቷም እንደዚያው። ፍርሃት መሆኑን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

እስክሪብቶውን ከወለል አንስታ፣ ገጹን ይዛ ሳሎን ገባች። አክስቷ ለማታ ተማሪዎቿ ትራስ ትደረድራለች።

«ይሄ እኔ ነኝ!»

«ስምሽ የለበትማ፣ እናትዬ።»

«ስሜ ምን ያደርጋል? የመልስ ወረቀት ላይ ያስመለሰው ስንት ሰው አለ? ሼም ነው እኮ! በምን ዓይኔ ነው ክፍል የምገባው?»

«አሁንስ አካበድሽው። ስንት ልጅ እንደሚረዳ አስቢ።»

«ደግሞ ውሸት ነው! መተንፈሱን ሞክሬው እንቢ አለኝ። ሰዓቱ እስኪያልቅ ሽንት ቤት በር ዘግቼ ተቀምጬ ነበር። ነግሬሻለሁ!»

አክስቷ አንዱን ትራስ በመዳፏ መታ መታ አድርጋ አስተካከለችው። «አንባቢ ጥሩ መጨረሻ ይፈልጋል።»

ገጽ አሥራ ሁለት ላይ «ያለውን እንዳለ እይ» ብላ የጻፈችው ይህችው ሴት ናት። አራት ነጥቡን የጨመረችላት ራሷ ልጅቷ ናት።

ጠረጴዛው ላይ ትንሽ የናስ ደወል አለ። የቤቱ ሕግ ነው፤ ደወሉ ከተመታ ማንም ሰው ሦስት ጊዜ ሳይተነፍስ አይናገርም። ክርክር በጦፈ ቁጥር የምትመታው አክስቷ ናት። ከሦስተኛው ትንፋሽ በኋላ ቀድማ የምትናገረውም እሷው። ዛሬም እጇን ወደ ደወሉ ሰደደች።

ልጅቷ ቀደመቻትና መታችው።

አክስቷ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት።

አንድ። ልጅቷ ገጹን ደወሉ አጠገብ ዘረጋችው።

ሁለት። እስክሪብቶውን ላይኛው ጥግ ላይ አሳረፈችና እስከ ታች ሳበችው። ቀዩ መስመር ጠማማ ሆነ። ቢሆንም አንድም ዓረፍተ ነገር አላመለጠውም።

ሦስት።

«የገጽ ቁጥሮቹን አስተካክዪ» አለች ቀድማ። «ስልሳ አንድ የለም።»