ዳዶ ላይ ያለቀው የጥፍር ቀለም

በሕይወቴ የጥፍር ቀለም የገዛልኝ ወንድ አንድ ብቻ ነው። ያንን ቀለም አንድም ቀን ጥፍሬን ተቀብቼው አላውቅም።

ኤልሮይ ይባላል። መጀመሪያ ወደ ጓሯችን ጋራዥ ሲመጣ ለሱቆች ዳቦ አመላልሶ መጨረሱ ነበርና ትከሻው ላይ ዱቄት ነበረበት። አባቴ የውድድር መኪናችንን የሚነዳለት ሰው ይፈልግ ነበር። አባቴን ሰፈራችን አትሎን ውስጥ ትንሹም ትልቁም ቡታ ሳሊ ነው የሚለው፤ ታላቅ ወንድማችን እንደማለት። ሃያ ዓመት ሙሉ ጓሯችን ውስጥ መኪና እየሠራ ኪላርኒ ሜዳ ላይ አወዳድሯል። የዓመቱን ዋንጫ ግን አንድም ጊዜ አላነሳም።

«መንዳቱን ትችላለህ፤ አይቼሃለሁ» አለው አባቴ። «እዚህ ቤት ግን አንድ ሕግ አለ። የጎማውን ዳዶ የምታጠብቀው ልጄ ሩሽዳ ናት። እሷ ትውጣ ካለች መኪናዋ ትወጣለች። አትወጣም ካለች እኔም ብሆን አፌን እይዛለሁ።»

ኤልሮይ ዞሮ አየኝ። ፊቴ በግሪስ ተለውሷል፤ ሻርፔ ወደ አንድ ጎን ሄዷል።

«እሷ?» አለ።

«እሷ። ቅር አለህ?»

«ኧረ ምን ቅር ይለኛል! ከዛሬ ጀምሮ መለማመጥ ነዋ!»

በማግስቱ በትንሽ ከረጢት የሆነ ነገር ይዞ መጣ። ስከፍተው ቀይ የጥፍር ቀለም ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጉቦ።»

«እኔ እኮ እሰግዳለሁ ኤልሮይ።»

«እና?»

«እናማ ከተቀባሁ ለሶላት ስታጠብ፣ ውዱእ ሳደርግ፣ ውሃው ጥፍሬ ላይ አይደርስም። በቀን አምስት ጊዜ ሳስለቅቅ ልዋል?»

ፊቱ ከቀለሙ ብሶ ቀላ። እሱ ክርስቲያን ነው፤ ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ ባለው ቤተ ክርስቲያን መለከት ይነፋል። «ይቅርታ... አላወቅኩም። አምጪው፣ ልመልሰው» አለና እጁን ዘረጋ። አሳዘነኝ። ጠርሙሱን ከፈትኩ፤ አንድ ዳዶ አጥብቄ ከዳዶው እስከ ቸርኬው ድረስ አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር አሰመርኩ።

«አየህ? ዳዶው ከተንቀሳቀሰ መስመሩ ይቆረጣል፤ ወዲያው ይታወቃል። እስከ ዛሬ በነጭ ቀለም ነበር የምንሠራው። ከእንግዲህ ባንተ ነው።»

ሳቀ። እኔም እንዳልስቅ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ በየውድድሩ አራቱንም ጎማ፣ አሥራ ስድስቱንም ዳዶ በእሱ ቀለም አሰምር ነበር። የራስ ቁሩን አጥልቆ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ አንገቱን በመስኮት ያወጣል።

«ቀለሜስ?»

«ተቀብተሃል፣ ሂድ!»

እወድሃለሁ፣ እወድሻለሁ ተባብለን አናውቅም። እኛ ዘንድ ነገሩ ይኼው ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሥራ ሲጨርስ፣ እኔ የምበላውን ሥጋ የሚሸጥ ቤት ድረስ ሰፈር አቋርጦ ሄዶ፣ ክንድ የሚያክል ጋትስቢ፣ ሥጋና የድንች ጥብስ የታጨቀበት ዳቦ፣ ገዝቶ ይመጣል። መኪናዋ ኮፈን ላይ ቁጭ ብለን ለሁለት እንበላለን። ድንች የበዛበትን ጫፍ ሁልጊዜ ለእኔ ነው የሚተወው።

በሦስተኛው ዓመት ሰፈሩ አበደ። የዓመቱ ዋንጫ ውድድር በየካቲት ነው፤ ከገና ጀምሮ ፀጉር ቤቱም፣ የመስጊዱ በርም፣ ዓሣ ጠባሹም ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

«ዘንድሮ የሳሊ ነው!»

«ተው እንጂ፣ የፓርል ከተማ ተወዳዳሪዎችን ረሳሃቸው?»

«የፓርሎቹ? ዋና መካኒካቸው ጥሏቸው ሄደ እኮ! ሳሊ አዲስ ሞተር አስገብቷል፤ ልጁም እንደ እብድ ነው የሚነዳው።»

አባቴ ጉራ አይወድም። ግን አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ፍሪጁ ላይ የነበሩትን ጣሳዎች አንስቶ ቦታውን በጨርቅ ሲወለውል አገኘሁት።

«ምን ልታስቀምጥበት ነው አባዬ?»

«ምንም። አቧራ ነበረበት» አለኝ። ዋንጫውን ሊያስቀምጥበት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ኤልሮይ ዳቦውን ሳይነካ ተቀመጠ።

«ቅዳሜ አንድ ሰው ሊያየኝ ይመጣል» አለኝ። «ከጆሃንስበርግ። ትልቅ ቡድን ነው፤ ነጂ ይፈልጋሉ።»

የያዝኩትን ዳቦ መልሼ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩ።

«ከወደዱህ ትሄዳለህ?»

«አዎ።»

«አባቴስ? ሃያ ዓመት ጠብቆ፣ ዘንድሮ ደረሰልኝ ሲል...»

«ሩሽ፣ አንዴ ስሚኝ...»

«ምኑን ነው የምሰማህ? ክረምቱን ሙሉ በብርድ ሞተር የፈታነው አንተን ለሰው ልናስረክብ ነው?»

«ለማን ብዬ ይመስልሻል የምሄደው?»

«ለራስህ ነዋ! ለማን ሌላ?»

ዳቦውን በወረቀቱ መልሶ መጠቅለል ጀመረ። ያ አናደደኝ።

«እንዲያውም ቅዳሜ መኪናዋ ከቦታዋ ባትነቃነቅ ደስ ይለኛል!» አልኩት።

ጎማ የሚያነሳልን ጎረቤታችን ቶየር በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ኤልሮይ ዳቦውን ሳይበላ ሄደ። ያንን ቃል መልሼ ብውጠው ኖሮ እያልኩ ስንት ቀን እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቅዳሜ ነፋሱ ከማለዳ ጀምሮ ሜዳው ላይ አሸዋ ያራግፍ ነበር። ተራራው ደመናውን ተከናንቧል። ሰፈራችን በሙሉ አጥሩ ጋ ወጥቷል፤ የእኛን ነጭ መኪና ባዩ ቁጥር ይጮኻሉ። ጠዋት ለመነሻ ቦታ በተደረገው ማጣሪያ ኤልሮይ ሁለተኛ ወጣ። ከጆሃንስበርግ የመጣው ሽበታም ሰውዬ ሰዓት መቁጠሪያውን አየና የሆነ ነገር ጻፈ። ኤልሮይ ከመኪናው ሲወርድ በአጠገቤ አለፈ፤ ሰላም አላለኝም።

ውድድሩ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው እንደ ልማዴ ዳዶዎቹን እየዞርኩ አየሁ። የኋላው ግራ ጎማ ላይ አንዷ ቀይ መስመር ተቆርጣለች። አጠበቅኩና እንደገና ቀባሁ። ቶየር መኪናዋን ትንሽ ገፋ አደረጋት። መስመሯ እንደገና ተቆረጠች።

«ክሪኩን አምጣ» አልኩት።

ጎማውን አወለቅን። ጎማውን የሚሸከመውን ብረት በቤንዚን ጠርጌ ፀሐይ ላይ አዞርኩት። ከቡሎኑ ቀዳዳ ተነስታ ወደ መሃል የምትሄድ፣ ከፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ነበረች።

«ጭረት ነው እኮ» አለ ቶየር።

አባቴ መነጽሩን አደረገ፤ አወለቀ፤ እንደገና አደረገ። «እኔ አይታየኝም ልጄ» አለኝ። ድምፁ ይለምነኝ ነበር።

መለዋወጫው ብረት አትሎን ቤታችን ነው ያለው። ሄዶ ለመመለስ ጊዜው አይበቃም።

ኤልሮይ ጓንቱን እንዳጠለቀ መጣ።

«ለቶየር ጭረት ነው። ለቡታ ሳሊ አይታያቸውም። ላንቺ ብቻ ነው የታየሽ።»

«አዎ። ለእኔ ታይቶኛል።»

«ሐሙስ ያልሽኝን አልረሳሁም ሩሽ።»

«በአላህ! ይሄ ከዚያ ጋር ምን ያገናኘዋል?»

ጎንበስ ብሎ ዓይኔን አየኝ። ድምፁ ለስልሶ ነበር፤ እሱ ነው የጎዳኝ።

«ሩሽ... ቀቢኝ። ይኼን አንድ ቀን ብቻ።»

ቀለሙ እጄ ላይ ነው። አራት ትንንሽ መስመሮች ናቸው፤ ከዚያ ይሄዳል፣ ያሸንፋል፣ አባቴ ዋንጫውን ፍሪጁ ላይ ያስቀምጣል። ጠርሙሱን ከደንኩት።

«አልቀባህም» አልኩት።

አባቴ መሬት መሬቱን አየ። «አትወጣም ካለች አትወጣም» አለ፤ ክሪኩ ላይ ቁጭ አለ።

ኤልሮይ ጓንቱን አውልቆ መኪናዋ ላይ አስቀመጠ።

«ውሉን ፈርሜ ሰኞ አንቺን ከአባትሽ ልጠይቅ ነበር» አለኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ስለ መስለም ከኢማሙ ጋር ሁለት ጊዜ ተነጋግሬያለሁ። ባዶ እጁን የመጣ የዳቦ ሾፌር እንዳልባል ብዬ ነው የቆየሁት። ለማን ብዬ እንደሆነ አሁን ገባሽ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ሄደ።

ሽበታሙ ሰውዬ በጠዋቱ ማጣሪያ የተመዘገበው ሰዓት በቅቶት ኖሮ ማክሰኞ ደወለለት። ረቡዕ ሻንጣውን ይዞ በመንገዳችን አለፈ፤ በራችን ጋ ግን አልቆመም።

ሐሙስ እኔና አባቴ ያንን ብረት ጠረጴዛው ላይ አስረን ቡሎኑን በመፍቻ አጠበቅነው። ገና ግማሽ ዙር ሳንዞር፣ ቀጭ! ለሁለት ተሰበረ። አባቴ ስብርባሪውን እጁ ላይ ያዘ። ከዚያ ጨርሶ በማላውቀው ድምፅ አለቀሰ።

«ላኪለት። አሁኑኑ ላኪለትና ይየው» አለኝ።

«አልልክም።»

«ለምን?»

«እኔን ካላመነ ብረቱን ለምን ያምነዋል?»

ጥፋቱ የእኔም ነበር። ኩራት ነው። አንድ ጊዜ ደወልኩ፤ አላነሳም፤ ሁለተኛ አልደወልኩም። የተሰበረውን ብረት ፍሪጁ ላይ፣ ለዋንጫው በተጠረገው ቦታ አስቀመጥኩት። ዓመት ሙሉ ውሃ ባወጣሁ ቁጥር አየሁት።

የካቲት ተመልሶ መጣ። እንደገና የፀጉር ቤቱ ወሬ፤ አሁን ግን ስሙ የሚነሳው የጆሃንስበርጉ ቡድንና የኤልሮይ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤታችን ስገባ ኤልሮይ ከአባቴ ጋር ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ከስቷል። ያማረ ጃኬት ለብሷል።

ዓይኑ ፍሪጁ ላይ ነበር።

«መቼ ነው የተሰበረው?» አለ። የቡሎኑ ጫፍ ላይ ከዳዶው የተረፈ ቀይ ቀለም አሁንም አለ፤ ያን ቀለም የማያውቅ ሰው አይደለም።

«በሄድክ በማግስቱ» አለው አባቴ። ከዚያ ሻዩን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ።

ኤልሮይ ብረቱን አነሳው፤ ሁለቱን ቁራጭ ገጠመው፤ ለያየው።

«ሦስተኛው ዙር ላይ ይሰበር ነበር» አለ። «የውድድር ሜዳው ግንብ ጋ ስዞር።»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም ሩሽ?»

«ነግሬህ ነበር። የዚያን ዕለት።»

ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። ልይዘው ፈለግኩ፤ ወንበሩን ብቻ ያዝኩ።

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ካልኩህ ቆየሁ።»

«ሩሽ... እኔ በሚያዝያ አገባለሁ። እዚያው ጆሃንስበርግ ያወቅኳት ልጅ ናት። ጥሩ ልጅ ናት፤ ምንም አላጠፋችም።»

የቧንቧው ውሃ ይንጠባጠባል። «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ እስከ ዛሬ በዚያ እኮራለሁ።

ቅዳሜ፣ ነፋሱ አሸዋውን እያነሳ፣ የራስ ቁሩን በብብቱ ይዞ እኛ ጋ መጣ።

«አንድ ነገር ልለምንሽ? የቡድኔ መካኒኮች በቢጫ እስክሪብቶ ነው የሚያሰምሩት። ደህና ልጆች ናቸው... ግን አንቺ ሳታሰምሪልኝ መውጣት አላስቻለኝም።»

አባቴን አየሁት። «ሂጂ» አለኝ።

የራሴን መፍቻ ይዤ ሄድኩ። መካኒኮቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ሳቅ አለ፤ ኤልሮይ ዞር ብሎ ሲያየው ሳቁን ዋጠ። አሥራ ስድስቱንም ዳዶ አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ቀለሙ ደርቆ ነበር፤ ሁለት ጠብታ ማቅጠኛ ጨመርኩበትና ነቀነቅኩት። አሥራ አምስት መስመር አሰመርኩ። ለአሥራ ስድስተኛው ጠርሙሱን ገልብጬ የመጨረሻዋን ጠብታ በብሩሹ ጠርጌ አወጣሁ። በቃች። ትንሽ ተርፋም አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ፈሰሰች።

ሞተሩ ተነሳ። አንገቱን በመስኮት አወጣ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ቀለሜስ?»

«ተቀብተሃል» አልኩት። «ሂድ።»

«ሩሽ፣ ሌላ ጠርሙስ ልግዛልሽ?»

«አያስፈልግም። ለሚስትህ ግዛላት። ግን መጀመሪያ ትሰግድ እንደሆን ጠይቃት!»

እየሳቀ ሄደ። የራስ ቁሩን መስተዋት ሲያወርድ እያለቀሰም ነበር።

ሦስተኛ ወጣ። እኛ በአዲስ ነጂ ዘጠነኛ ወጣን። ሰዉ ወደ አሸናፊዎቹ ሲሮጥ እኔ ባዶ ወደቆመችው መኪናው ሄጄ ጎንበስ አልኩ። አሥራ ስድስቱም መስመሮች ቀጥ እንዳሉ ነበሩ፤ አንዷም አልተቆረጠችም። ተነስቼ ወደ አባቴ ተመለስኩ።

ወደ ቤት ስንነዳ አባቴ እጄን አየ።

«ጥፍርሽ ላይ ቀለም አለ።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

ውሃ ጥፍሬ ላይ መድረስ አለበትና መፋቄ አይቀርም ነበር። የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት እስኪደርስ ድረስ ግን ተውኩት።