ጾመኛው ማሽላ

ታጁን መጀመሪያ ያየሁት ከውሃ ጎማ ጋር ሲጣላ ነው። ጎማው ከቦቴው አልገጥም ብሎ ይረጨዋል፣ እሱ ደግሞ እንደሚያለቅስ ሕፃን «እሺ፣ እሺ፣ ቀስ በል» እያለ ያባብለዋል። ወቅቱ ጂላል ነበር፤ ሐርጌሳ ጉሮሮዋ የሚደርቅበት በጋ። ያ ሁሉ ውሃ አፈር ላይ ሲፈስ አላስችል አለኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ታንከሩን ነው የምትሞላው መሬቱን?» አልኩት። ማን ይሁን ምን ሳላውቅ በአማርኛ ነው ያልኩት፤ ስናደድ ሌላ ቋንቋ አይመጣልኝም።

ቀና አለ። ሸሚዙ ረጥቦ ደረቱ ላይ ተጣብቋል። «መሬቱስ አይጠማውም እህቴ?» አለኝ፣ በጠራ አማርኛ። ከዚያ ሳቀ። እኔም ላለመሳቅ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ሰብሪያ እባላለሁ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። የዕፅዋት ሳይንስ ተምሬ ከከተማው ዳር ባለ አንድ የማሽላ ምርምር ጣቢያ በረዳት ተመራማሪነት እሠራለሁ። የምኖረው ጋአን ሊባህ በሚባል ሰፈር ሱቅ ካላት ከአክስቴ ከሀሲና ጋር ነው። ታጁ የወራቤ ልጅ ነው፤ ቧንቧ ለሌለው ጣቢያችን በቦቴ ውሃ የሚያመጣልን እሱ ነበር። ታንከሩ እስኪሞላ ጊዜ ይፈጃል፤ እኛም ያን ጊዜ በወሬ መግፋት ለመድን። በኋላማ ታንከሩ ሞልቶም ወሬው አያልቅም።

አንድ ቀን ሙከራችን ያለበትን ላስቲክ ቤት ላሳየው አስገባሁት። ሁለት ጠረጴዛ ማሽላ አለ፣ ሁሉም በባልዲ የተተከለ። የአንዱ ጠረጴዛ ለምለም ነው። የሌላው ቅጠሉን እንደ ሲጋራ ጠቅልሎ ቆሟል።

«እነዚህ ምን አጥፍተው ነው?» አለ ወደ ደረቁት እያየ።

«ምንም። ጾመኞች ናቸው። ውሃ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ?»

እንግዲህ ማስረዳት ግድ ሆነ። ተክል እንደኛ ሲሞቀው ጥላ ፍለጋ አይሄድም፤ በተተከለበት ቆሞ ነው መላ የሚፈልገው። አፈሩ ሲደርቅ ሥሩ ያውቃል፣ ለቅጠሉም መልእክት ይልካል። ቅጠሉ ውሃ የሚተንበትን ቀዳዳ ይዘጋል። ያኔ በየሴሉ ውስጥ ዝም ብለው የነበሩ ዘረመሎች ይነሡና ድርቁን የሚያስችለውን ነገር መሥራት ይጀምራሉ፤ ለዕድገት ይሠሩ የነበሩት ደግሞ ቀስ ይላሉ። «ዘረመሉ ራሱ አይቀየርም» አልኩት። «መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደሚያርፍ ነው የሚቀየረው። የትኛው እንደተነሣ ለማወቅ ጥማቱ ሲበረታ ቅጠሉን ቆርጠን ናይሮቢ ላብራቶሪ እንልካለን።»

«ከዚያ በኋላስ ይጠጣሉ?»

«ይጠጣሉ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ፣ የምሩን። ከዚያ እኔን አየኝ፣ ቆየት ብሎ አየኝ። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ የባልዲ አፈር ነካካሁ።

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ የሄደው ግን ያኔ አይደለም። አርብ አርብ የመጨረሻውን ቦቴ ውሃ እንደማይሸጥ የሰማሁ ቀን ነው። ሼክ ኑር ወደሚባለው ሰፈር ሄዶ፣ ጄሪካን ይዞ ለመጣ ሁሉ በነጻ ይቀዳል። በሞተችው እናቱ ስም ነው የሚሰጠው። «ለሞተ ሰው ከውሃ የሚበልጥ ሰደቃ የለም ይባላል» አለኝ። «እሷ ደግሞ ውሃ ስትቀዳ ነው ያረጀችው።» ይህን ብሎ ሌላ ወሬ ጀመረ። እኔ የሌላውን ወሬ አልሰማሁትም።

አለቃዬ ዶክተር መሀድ የሐርጌሳ ሰው ነው፤ ደግ ነው፣ ግን ሥራ ላይ ቀልድ አያውቅም። ውሉን አስቀድሞ ነግሮኛል፤ ሙከራው ውጤት ካመጣ ውሌ ይታደሳል፣ ካላመጣ ያበቃል። ውሌ ካበቃ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ያበቃል። ሐርጌሳም ታጁም ያበቁልኛል ማለት ነው። ይህን ለታጁ አልነገርኩትም፤ ሴት ልጅ እንዴት ብላ ትናገረዋለች?

ቅጠል የምንቆርጠው ቅዳሜ ማለዳ ነበር። አርብ ጣቢያው ዝግ ስለሆነ ቤቴ ዋልኩ። ቅዳሜ መቀሴን ይዤ ላስቲክ ቤቱን ስከፍት፣ ጾመኞቼ ቅጠላቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ። ባልዲው ሁሉ ርሷል። ወደ በሩ ሮጥኩ።

«ማን ገባ?» አልኩት ዘበኛውን።

«የውሃው ሰውዬ ነው። አንቺ የላክሽው መስሎኝ።»

ታጁ ረፋዱ ላይ መጣ፣ ፊቱ እየበራ። «ሰብሪያ፣ አየሻቸው? ከሼክ ኑር ስመለስ ትንሽ ውሃ ተርፎኝ ነበር። ጾመኛ ማስፈጠር አጅር አለው ብዬ …»

«ሳይመሽ ነው ያስፈጠርካቸው» አልኩት። «ሥራዬን በሙሉ ነው ያጠጣኸው። ውሃ ሲነካቸው የተነሡት ዘረመሎች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይመለሳሉ። አሁን የምቆርጠው ቅጠል ምንም አይናገርም። ውሌ አበቃ፣ ወደ አገሬ ልሄድ ነው። ገባህ?»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። አልተከራከረም፣ አላባበለም። ጎማውን እንኳ ሳይፈታ ቆመ።

«ልትሄጂ?» አለ።

«ከእንግዲህ ሌላ ቦቴ ያምጣልን» ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁት። የዚያን ቀን ያለቀስኩት ለማሽላው ይሁን ለእሱ አላውቅም።

በማግስቱ ለዶክተር መሀድ ልነግረው ሄድኩ። የታጁን ስም ላለመጥራት ወስኜ ነበር፤ በሩ ክፍት ነበር፣ ማን እንደገባ አላውቅም ልል። ቢሮው ስገባ ግን ታጁ ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጠረጴዛው ፊት ቆሟል። በሶማሊኛ ነበር የሚናገረው፤ ሶማሊኛው ከኔ ይሻላል።

«ያጠጣሁት እኔ ነኝ። እሷ አላዘዘችኝም፣ አላወቀችም። ከፈለጉ ውሃ ማምጣቱን ይከልክሉኝ። እሷን ግን አያሰናብቷት።»

ዶክተር መሀድ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ጥፋተኛውን ማወቄ ማሽላውን መልሶ አያደርቀውም» አለ። «ከዚህ ዓይነት ዘር ደግሞ የቀረን የለም።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ታጁን እያየሁ ነበር። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እንጀራውን ለኔ ሊሰጥ ቆሟል። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ሌሊቱን ሳልተኛ ሳብላላው ያደርኩት ሐሳብ ያኔ ከአፌ ወጣ።

«መልሰን እናስጠማቸው» አልኩ።

ሁለቱም ዞር አሉ።

«አንድ ጊዜ ተጠምቶ የዳነ ተክል ሁለተኛው ጥማት ሲመጣ አይደናገርም የሚሉ ጥናቶች አሉ። ዘረመሎቹ ሲያርፉ ምልክት ይቀራቸዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ፈጥነው ይነሣሉ። በዚህ ማሽላ ላይ ግን ማንም አልሞከረውም። ከለምለሞቹ ግማሹን ከጾመኞቹ ጋር አብረን እናስጠማ። ለምለሞቹ ለመጀመሪያ፣ ጾመኞቹ ለሁለተኛ ጊዜ። ልዩነቱን እናያለን።»

ዶክተር መሀድ መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ዝናቡ እስኪገባ ጊዜ አለሽ» አለ በመጨረሻ። ወደ ታጁ ዞሮ ጨመረበት፦ «አንተ ውሃህን ታመጣለህ። ላስቲክ ቤቱ ውስጥ ግን እግርህ እንዳይገባ።»

ከዚያ ወዲያ ታጁ በር ላይ ሆኖ ነበር የሚጠይቀኝ። «እንዴት ዋሉ?» ይለኛል እንደ ታማሚ ጠያቂ።

«ቅጠላቸውን ጠቀለሉ። ገና ከሚጠሙት አዲሶቹ ቀድመው።»

«ጎበዞች። በኔ ተቀይመዋል?»

«እነሱስ ረስተውሃል።»

«አንቺስ?»

ጎማውን ያዝኩለት። ታንከሩ እስኪሞላ ጎን ለጎን ቆመን የውሃውን ድምፅ ሰማን።

አዲሶቹ ግራ ገብቷቸው ቅጠላቸው ጫፍ ጫፉን ሲያርር፣ ጾመኞቹ ጥቅልል ብለው አረንጓዴ እንደሆኑ ቆዩ። በሰዓቱ ቆረጥን፣ ላክን። ከናይሮቢ ውጤቱ ሲመጣ ዶክተር መሀድ ሁለቴ አነበበው። ለድርቅ የሚነሡት ዘረመሎች በጾመኞቹ ላይ ከአዲሶቹ ይልቅ ፈጥነውም በርትተውም ተነሥተው ነበር። «በሌላ ዘር ይደገም፣ አንድ ሙከራ አይበቃም» አለ። ከዚያ ፈገግ አለ፤ እሱ ሲስቅ ብርቅ ነው። «የምትደግሚውም አንቺ ነሽ። ውልሽን አድሰናል።»

ሩጫዬ ወደ ታጁ ነበር። ሲሰማ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ውሃ ይገለብጣል፣ «ሰላም ዋዪ» ብሎ ይሄዳል። እንደ ባዕድ።

አክስቴ ሀሲና ነገሩ ከገባት ቆይቷል። «ተይው ልጄ» አለችኝ የሱቋን ሚዛን እየወለወለች። «ሰውየው አቅሙን አውቆ ነው። ዲግሪ ይዘሽ ለቦቴ ሾፌር? እናትሽ ምን ትለኛለች?»

«ዲግሪዬ ሰው አያጠጣም አክስቴ» አልኳት። «ከአለቃዬ ፊት ቆሞ ለኔ ሲል እንጀራውን የሰጠው ማን ነው? ባለ ዲግሪ አልነበረም።»

አክስቴ ሚዛኑን መወልወሏን ቀጠለች።

በማግስቱ ታጁ ታንከሩን ሞልቶ መኪናው ላይ ሲወጣ ደረስኩበት። ሞተሩ ተነሥቷል። በመስኮቱ በኩል ቆምኩ።

«የምትሸሸኝ ለምንድነው?»

መሪውን አየ። «አልሸሸሁም። ሥራሽ ተሳክቷል፣ ትልቅ ቦታ ትደርሻለሽ። እኔ ከቦቴ ሌላ ምን አለኝ? ሲሆን ሲሆን ከሩቅ ደስ ይበለኝ ብዬ ነው።»

«እኔ እዚህ አገር የቀረሁት ለማሽላ ብቻ መሰለህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ደግሞ የመጣብኝን አልመልስም።

«እወድሃለሁ ታጁ። ሽማግሌ ላክ።»

«ሽማግሌ ከየት ላምጣ?» አለ፣ እጁን ከመሪው ሳያነሣ። «ወገን የለኝም እዚህ።»

«ዶክተር መሀድን ላከው።»

«ኧረ ሰብሪያ፣ አማርኛ መች ይችላል?»

«አክስቴ ሶማሊኛ ትችላለች።»

«እምቢ ብትልስ?»

«የሚጠየቀው የኔ እጅ ነው። እኔ ደግሞ እምቢ አልልም።»

ታጁ ሞተሩን አጥፍቶ ከመኪናው ወረደና ወደ ዶክተር መሀድ ቢሮ አመራ።