ያልመረረው ኪኒን

ሙሉሰው የሞተው ሐሙስ ጎህ ሲቀድ፣ ሚስቱ እግሩን አቅፋ፣ ሐኪሙ ክንዱን ይዞ ደም ሥር ሲፈልግ ነበር። ካንሰር ሳንባው የገባ ሰው ሲሞት ለቀስተኛ እንጂ ፖሊስ አይጠራም። እዚህ ቤት ግን ፖሊስ ጠርቶ በሩን ያስዘጋው ሐኪሙ ራሱ ነው።

ዋና ኢንስፔክተር ገዲሴ ላፍቶ ስትደርስ ረፍዷል። መንገዱ ለቱቦ ተቆፍሮ የነሐሴ ዝናብ ሞልቶት ስለነበር፣ መኪናዋን አስፋልት ዳር ትታ ጭቃውን እየዘለለች በእግሯ መጣች። ሕሙማን የሚያርፉበት የምርምር ቤት አሮጌ ቪላ ነው፤ ኮንዶሚኒየሞች በሦስት በኩል ከበው ፀሐዩን ወስደውበታል። መስኮቶቹ ሁሉ ፌሮ አላቸው። ሳጅን እንግዳ የግቢውን በር ከኋላዋ ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ማንም እንዳይወጣ ባዘዙት መሠረት ማንም አልወጣም» አላት። «እኔም ቁርሴን ሳልበላ አብሬ ታስሬያለሁ።»

«አይዞህ፣ ለእስረኛ ምሳ አይከለከልም።»

ከአጥሩ ባሻገር የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ይጣራል። ሳሎን የተቀመጡት ሰዎች በጠራ ቁጥር አንገታቸውን ወደ ድምፁ ያዞራሉ፤ መልሰውም ያቀረቅራሉ።

ገዲሴ አስቀድማ ሟቹን አየች። ሰፊ ትከሻ ያለው የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፤ ውስጥ እግሩ ላይ የቀዶ ጥገና ጠባሳ አለ። መስኮቱ ደፍ ላይ ትንሽ የኪኒን ብልቃጥ ተቀምጧል። ከሰውነቱ ይልቅ ብልቃጡን ረዘም አድርጋ ተመለከተችው።

«ዶክተር ኢያቄም፣ በሽተኛዎ ሞተ። እኔን ለምን ጠሩኝ?»

ሐኪሙ እንቅልፍ ያጣ ቀጭን ሰው ነው። «ካንሰሩ ስላልገደለው። ሜላኖማ የምንለው የቆዳ ካንሰር እኛ አገር ብዙ ጊዜ ከውስጥ እግር ነው የሚነሳው። ሰው እሾህ ወጋኝ ብሎ ችላ ይለዋል፤ እኛ ጋ ሲደርስ ተሠራጭቷል። እዚህ የምናጠናው ኢሚውኖቴራፒ የሚባለውን ሕክምና ነው። መድኃኒቱ ካንሰሩን በራሱ አይገድልም። ሰውነታችን የራሱ ዘበኞች አሉት፤ ካንሰሩ ፍሬን ይዞ ያቆማቸዋል። መድኃኒቱ ፍሬኑን ይለቃል።»

«ፍሬን የሌለው መኪና የገዛ ባለቤቱንም ይገጫል።»

ዶክተሩ ቀና ብሎ አያት። «ሙሉሰውን የገጨው እንደዚያ ነው። ዘበኞቹ ከኩላሊቱ በላይ ያሉትን ዕጢዎች አጠፉበት። ከዚያ ወዲህ ኮርቲሶን የሚባለውን ኪኒን በየቀኑ ካልወሰደ አይኖርም ነበር። ፋሲካ ሰሞን ረስቶት እዚሁ ሳሎን ውስጥ ተዘረረ፤ በመርፌ ነው ያተረፍነው፤ ቤቱ ሁሉ አይቷል። እኔ ለስብሰባ ሀዋሳ ሰንብቼ ትናንት ማታ ገባሁ። ጎህ ሲቀድ ጠሩኝ። ደሙን ስመረምር የኮርቲሶን ምልክት የለበትም። ኪኒኑ ግን ከብልቃጡ እየጎደለ ነው።»

«ሲውጥ የሰነበተው ታዲያ ምንድን ነው?»

«እሱን እንዲነግሩኝ ነው የጠራሁዎት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ ጥናቱ የሚቀበለው ጥቂት ሰው ነው፤ አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባም። ነገ መድኃኒት የምትጀምር ልጅ አለችኝ፤ አያንቱ ትባላለች። ተቆጣጣሪው ኮሚቴ የዚህን ሞት እውነት እስከ ማታ ካላወቀ ሁሉንም ያግዳል። እገዳ ማለት ወራት ነው። እሷ ወራት የላትም።»

«ነገ?» አለች ገዲሴ።

«አዎ፣ ነገ።»

ሌላ አልጠየቀችውም። ከአነጋገር ይፈረዳል የሚሉት አባቶች ችኩል ዳኛ አልወደዱም፤ እሷም ቃሉን ጥርሷ ውስጥ ይዛ ወደ ሟቹ ባለቤት ሄደች።

ወይዘሮ ውብነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። «ደህና ነበር እኮ! ተሽሎት፣ አምሮበት! ለልጃችን ሠርግ ሱፍ አሰፍቶ!» ይህን ሲሉ ዓይናቸው ገዲሴን ሳይሆን የዶክተሩን በር ያያል።

«ኪኒኑን እርስዎ ነዎት የሚሰጡት?»

«እኔ ነኝ። እሑድ ግን ለሠርጉ ጉዳይ ጎፋ ሄድኩ። እዚህ ቤት አስታማሚ የጋራ ነው፤ አንዱ ሲወጣ የቀረው የሁሉንም በሽተኛ ያያል። ለአያንቱ ባል ለደገፋ አደራ ብዬው ወጣሁ።»

«በስልክ አላወራችሁም?»

«እንዴት ሳናወራ! ሰኞ፣ ‹ውቤ፣ አንቺ የሌለሽበት ቤት ኮሶው ማር ሆነ፤ ኪኒኑ እንኳ አልመረረኝም፤ እዚያው ክረሚ› ብሎ ሲስቅብኝ ነበር። ማክሰኞ ደከመኝ አለ። ጉንፋንም ይዞት ነበር። ትናንት ማታ ስመጣ ራሱን ማቅናት አቅቶታል።»

ገዲሴ ከብልቃጡ አንድ ኪኒን አውጥታ ቆንጥራ ምላሷ ላይ አኖረች። ፊቷ ተኮማተረ፤ ውኃ ጠይቃ ተጉመጠመጠች።

ሲስተር ናፍቆት፣ የቤቱ ነርስ፣ ገና ሳትጠየቅ ማልቀስ ጀመረች። «ብልቃጡን የምሞላው እኔ ነኝ። ነርሷ ገደለችው ሊባል ነው፤ አውቄዋለሁ።»

«አልቅሺ፣ ግን እየመለሽ አልቅሺ። ኪኒኑን እንዴት ነበር የሚወስደው?»

«ከቁርስ ጋር። ባዶ ሆዱን ያቃጥለዋል። ጉሮሮውን ስለሚይዘው ደግሞ እያኘከ ነው፤ ልማዱ ነው።»

«ሲደክም እያየሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«በሽታው መስሎኝ…»

«ተሽሎት አልነበር?»

የናፍቆትም ዓይን ያንኑ የዶክተሩን በር አየ።

የመጨረሻው ክፍል የአያንቱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በፋሻ የተጠቀለለ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላለች። እናቷ እማማ ገላኔ አጥሚት በማንኪያ ያጎርሷታል። ባሏ ደገፋ ገዲሴን ሲያይ ብድግ ብሎ ቀጥ አለ።

«ተቀመጥ፣ አንተ» አለችው አያንቱ። «ትራፊክ አይደለችም፤ መንጃ ፍቃድህን አታውጣ።» ከዚያ ወደ ገዲሴ ዞረች። «ሚኒባስ ነጂ ነው፤ ዩኒፎርም ካየ እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል።»

«አንቺስ እንዴት ነሽ?»

«ዛሬ ይሻለኛል። በሽታው አፌን አበላሽቶት ቫይታሚኔ ሳይቀር ይመረኝ ነበር፤ ዛሬ ተመለሰልኝ። ጋሼ ሙሉሰው በሞተበት ቀን አፌ መጣፈጡ ግን ያሳፍራል።» ማንኪያውን በእጇ ገፋ አደረገች።

«አደራውን የተቀበልከው አንተ ነህ?» አለችው ገዲሴ ደገፋን።

«እኔ ነኝ። ጠዋት ለሥራ ስወጣ ሰጥቼው እወጣለሁ።»

«ሳይነጋ ትወጣለህ?»

«ሳይነጋ፤ ቀድሜ ካልደረስኩ ተራ አላገኝም። ዛሬ በግርግሩ ነው የቀረሁት።»

እማማ ገላኔ ሳህኑን በጨርቅ ጠረጉ። «እኔ ማብሰሉን እንጂ መድኃኒቱን አላውቅም፣ ልጄ። ይኸ ቤት የቆመበት መሬት የጤፍ ማሳችን ነበር። እዚሁ አጭጄበታለሁ፤ አሁን እንግዳ ሆኜ እተኛበታለሁ። ከሁሉም የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት።» የገዲሴን እጅ ያዙ። «ቦታውን ይሰጧታል? ሰውየው ሞቷል… አሁንስ ይሰጧታል?»

ገዲሴ ቀስ ብላ እጇን አስለቀቀችና በረንዳ ወጣች። ያወቀችውን ብትናገር አንዲት ልጅ ላይ መፍረድ ሊሆን ነው፤ ዝም ብትልም ኮሚቴው ጥናቱን ያግዳልና ያው ነው። ያስቆለፈችው በር የሰዎቹ ብቻ ሳይሆን የእሷም መሆኑ ገባት። ከዚያ ዶክተሩ የተናገራትን አንዲት ቃል አስታወሰች። ነጠል አድርጋ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው፤ እሱም መሬት መሬት እያየ መለሰላት።

ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። አያንቱን ባሏ አቅፎ አምጥቶ ሶፋ ላይ አስቀመጣት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ሙሉሰው ኪኒኑን እያኘከ ነው የሚውጠው» ብላ ጀመረች ገዲሴ። «ሰኞ ዕለት አልመረረውም። ብልቃጡ ውስጥ ያለውን ግን እኔ ዛሬ ቀምሼዋለሁ፤ ሐሞት ነው። ስለዚህ ሰኞ የነበረው ሌላ ነው። አንድ ሰው ኪኒኑን ለውጦ ዛሬ ጠዋት በግርግሩ መካከል መልሶታል።»

«ምን ሊጠቀም?» አሉ ወይዘሮ ውብነሽ።

«ቦታውን ሊያስለቅቅ። አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባም።»

ዓይን ሁሉ ወደ ደገፋ ዞረ። ገዲሴ እጇን አነሳች።

«ቆዩ። መጀመሪያ የማይጠረጠሩትን እናውጣ። ዶክተር ለእኔ ‹ነገ የምትጀምር ልጅ› አሉኝ። ሰው ጠዋት ሞቶ ለነገ የሌላ ሰው መድኃኒት በምን ፍጥነት ይደርሳል? አይደርስም፤ ቀድሞ ካልታዘዘ። ወይዘሮ ውብነሽ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ምስጢርዎን ላወጣው ነው።»

ውብነሽ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«መድኃኒቱ ለሙሉሰው መሥራት አቁሞ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከጥናቱ እንዲወጣ ተወሰነ፤ ቦታውም ለአያንቱ ተሰጠ። ይህን ለባለቤቱ እንጂ ለእሱ ማንም አልነገረውም። እሳቸውም ሠርጉ እስኪያልፍ ይደበቅ ብለው ለመኑ። ልማዳችን ነው፤ ክፉ ወሬ ለዘመድ ይነገራል፣ ለበሽተኛው ‹ተሽሎሃል› ይባላል። ለእነ አያንቱም ቢነገር ምስጢሩ ይወጣ ነበርና እስከ ዛሬ ቆየ።»

«ዛሬ ልነግራቸው ነበር» አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ።

«በሽታው አሸነፈው ብዬ ነው ግፊቱን እንኳ ሳልለካው የቀረሁት» አለች ናፍቆት እያለቀሰች። «ስለማውቅ ነው ያላየሁት።»

«እንግዲህ ዶክተሩ፣ ነርሷና ባለቤቱ ሦስቱም ቦታው መለቀቁን ያውቁ ነበር። ባዶ ወንበር ለማስለቀቅ ሰው አይገደልም። የገደለው ‹ተሽሎታል› ሲባል ያመነ ሰው ነው።»

ደገፋ ግንባሩን አልቦታል። በክፍሉ ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ አየ፤ ዓይኑ አንድ ቦታ ሲደርስ ደነገጠና ብድግ አለ። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የለወጥኩት። መራራውን ወንዝ ውስጥ ጣልኩት። እሰሩኝና ይብቃ።»

«ከጣልከው ዛሬ ከየት መጣ?» አለችው ገዲሴ በለሰለሰ ድምፅ። «ደግሞም ኪኒኑን የሚወስደው ከቁርስ ጋር ነው። ቁርስ ሲቀርብ አንተ ተራ ላይ ነህ። አደራውን ተቀብለህ ለሌላ ሰው አስተላልፈሃል፤ ያም ሰው ማን እንደሆነ አሁን ነው የገባህ። ጥያቄው ይህ ነው፦ መራራው ኪኒን እነዚያን ቀናት የት ሰነበተ?»

«እኔ ጋ» አለች አያንቱ።

ራሷ የተናገረችውን ራሷ እየሰማች ቀጠለች። «የቫይታሚኔ ብልቃጥ ውስጥ። አፌ አልነበረም የተበላሸው።» ቀስ ብላ ዞረች። እናቷን ስትጠራ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ነበር። «አዮ!»

እማማ ገላኔ ከልጃቸው ፊት ዓይናቸውን አልነቀሉም። «ሁለቱም ነጭ ነው፣ ሁለቱም ትንሽ። መድኃኒት እንዴት ይጣላል? እሱን ያቆመው አንቺንም የሚያቆምሽ መስሎኝ ሰጠሁሽ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሲስቅ አየዋለሁ። ሲበላ አየዋለሁ። ለሠርግ ልብስ ሲለካ አየዋለሁ። አንቺ እጄ ላይ ትቀልጫለሽ። ማንን ብጠይቅ ‹ተሽሎታል› ይለኛል። የተሻለው ሰው ቦታውን መቼ ይለቃል? ስትቀበሪ? ሲወድቅ አንድ ጊዜ አይቼው ነበር፤ እንደ እንቅልፍ ነው፤ አያምም ብዬ…»

«ያማል» አሉ ውብነሽ ከነጠላው ውስጥ። «አሞታል።»

እማማ ገላኔ አንገታቸውን ደፉ።

አያንቱ እጅጌዋን እስከ ጣቷ ድረስ ጎትታ ክንዷን ሸፈነች። «በሰው ነፍስ የመጣ መድኃኒት ሰውነቴ ውስጥ አይገባም። ነገም፣ መቼም።»

ገዲሴ ከጎኗ ተቀመጠች። «ስሚኝ። ስለ ምስጢሩ በአደባባይ ያወራሁት ለዚህ ነው። ቦታው ያንቺ የሆነው ሙሉሰው በሕይወት እያለ፣ እናትሽ ብልቃጡን ሳትነካው ነው። እሷ የከፈተችልሽ በር የለም። በወንጀል የመጣ ቢሆን ኮሚቴውም አይሰጥሽም፣ እኔም አልጠይቅሽም ነበር።»

እማማ ገላኔ ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ደስታ ብልጭ ሲል ገዲሴ አየች፤ ደስታው ሳይጠፋ ሌላው ነገር ከኋላው መጣበት።

«ቢሞትም… ባይሞትም?»

«ባይሞትም ይሰጧት ነበር፣ እናቴ።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ዶክተሩ ናፍቆትን አየ፤ ናፍቆት ውብነሽን። ውብነሽ «እኔ ለባሌም አልነገርኩት» አሉ።

ሳጅን እንግዳ በሩን ከፈተ። እማማ ገላኔ ሳጅኑን ተደግፈው ወደ ጭቃው ሲወጡ ደገፋ ጃኬቱን አውልቆ ትከሻቸው ላይ ጣለላቸው፤ ከዚያ ተመልሶ ከሚስቱ ኋላ ቆመ። ዶክተሩ ለኮሚቴው ስልክ ደውሎ ነገሩን ሁሉ አስረዳ፤ ሲጨርስ ጥናቱ እንደማይታገድ ራሱን በአዎንታ በመነቅነቅ ለገዲሴ ነገራት።

አያንቱ የተከፈተውን በር ስታይ ቆየች። ከዚያ «ዶክተር» አለች፣ «ነገ የሚሰጡኝ መድኃኒት ይሠራል?»

ዶክተር ኢያቄም ልማድ ሆኖበት ቀና ብሎ ባልየውን አየ።

«ወደ እሱ አይዩ» አለች አያንቱ። «በሽታው እኔ ውስጥ ነው ያለው። ወደ እኔ ይዩና የሚያውቁትን ሁሉ ይንገሩኝ።»

ዶክተሩ ወንበር ሳበ፤ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና፣ ዓይኗን እያየ፣ ከመጀመሪያው ጀመረ።