በሙከራው አድራሻ የቀረችው ማመልከቻ

ሀይሚ ከጎባ ተነስታ ሮቤ ድረስ የመጣችው ለመጣላት ነበር። ክብሩ ይህን አላወቀም። ቢሮው በር ላይ ቆማ ሲያያት፣ የሮቤ ልጅ ሆኖ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ» ብሎ እንዴት አደርሽ ማለት እንኳ ጠፋውና የሻይ ብርጭቆውን ኪቦርዱ ላይ ደፋው።

«ማስታወቂያው ላይ ያለው ሊንክ አይከፍትም» አለች። «ሰው የማትቀጥሩ ከሆነ ለምን ትለጥፋላችሁ?»

ክብሩ የአንድ የጤና ድርጅት የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። የሥራ ማመልከቻ መቀበያውን ድረ ገጽ የሠራው፣ አድራሻውንም ያስመዘገበው እሱ ነው። አዲስ አድራሻ በየኔትወርኩ እስኪዳረስ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ አለቆቹ ግን ቸኩለው ማስታወቂያውን ግቢው በር ላይ ለጥፈውታል። ይህን ሊያስረዳት ጀምሮ ተወው። በመጨረሻ እሱ ብቻ የሚጠቀምበትን የሙከራ አድራሻ ጽፎ ሰጣትና፣ በዚህ ሙዪ፣ ዋናው ሲከፈት እኔ አዛውረዋለሁ አላት።

ሀይሚ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ጎባ ከተመደበች ሦስት ዓመቷ። ድርጅቱ ሀዋሳ ለሚከፍተው ቅርንጫፍ ሰው ይፈልጋል፣ ሀዋሳ ደግሞ እናቷ አሉ። ብቻቸውን ናቸው፣ ዓይናቸውም እየደከመ ነው።

ሞላች። ለማመስገን ደወለች። ቅዳሜ ሻይ ጠጡ፣ እሁድም ሌላ ምክንያት አልጠፋም። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ክብሩ በሮቤና በጎባ መሀል የሚመላለሱትን የታክሲ ሾፌሮች በስም አወቃቸው። ማመልከቻዋን ማዛወሩን ግን ረሳው።

ለፈተና የተመረጡት ስም ሲወጣ ሀይሚ የለችበትም። ክብሩ ዝርዝሩን ሁለቴ አነበበ፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ መጀመሪያ ደስ አለው። አትሄድም ማለት ነው... ወዲያው የሙከራው አድራሻ ትዝ አለውና ከፈተው። አንዲት ማመልከቻ ብቻዋን ተቀምጣለች። በራሱ አፈረ።

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ማመልከቻዋን ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ደወለላት።

«እንዳልሄድብህ ነው፣ አይደል?» አለች ሰምታ ስትጨርስ።

«ረስቼው ነው፣ ሀይሚ።»

«የእማዬን ነገር ነግሬህ... እንዴት ይረሳል?»

ዘጋችው። ደጋግሞ ቢደውልም አላነሳችም።

በማግስቱ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ ማናልበሽ ዘንድ ገብቶ ነገሩን ሳይቀባባ ተናገረ። ጊዜው አልፏል አሉት። በጊዜው መሞላቱን የሚያሳየውን ቀን ከፍቶ አሳያቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

«ልጅቷ ምንህ ናት?»

«እወዳታለሁ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ እኔን ይቅጡኝ።»

ወይዘሮ ማናልበሽ ለሰው ፊት የማያዳሉ ሴት ናቸው። ለእሱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ለእሷ የፈተና ቦታ ሰጡ። ሀይሚ ተፈትና አንደኛ ወጣች።

የምትሄድበትን ቀን የነገረው የለም፤ ድርጅቱ ከጻፈላት የምደባ ደብዳቤ ላይ አስልቶ ንጋት ላይ ሮቤ መናኸሪያ ተገኘ። አውቶቡሱ ሥር ቆማ አገኛት።

«ወይዘሮ ማናልበሽ ሁሉን ነገሩኝ» አለች። «ዝም ብትል እኮ እዚሁ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እዚሁ ሆነሽ በየቀኑ በእናትሽ ስትጨነቂ ማየት አልችልም።»

ሀይሚ አለቀሰች። ስለጠረጠረችው ይቅርታ ጠየቀችው። ሞተሩ ሲነሳ ወደ ደረጃው እየወጣች ዞር አለች።

«ሽማግሌ ላክ» አለችው።

በጥቅምት ወር ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ሀዋሳ ተነሱ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ክብሩ ግን አላስችል ብሎት ተከተለ፣ ከእናቷ ቤት አጥር ውጭም ቆሞ ቀረ። እናትየው ይህን ሲሰሙ አስጠሩት። መስኮቱ አጠገብ አስቀምጠው ፊቱን ከቅርብ አዩት።

«አንተ ልጄን አልከለከልከኝም» አሉ፤ «እኔም አልከለክልህም።»