አንድ የኮባ ቅጠል

ልጅን ከፀሐይና ከሰው እስከ መቼ ድረስ ይሸሽጓታል? እኔ እንጃ። ጌታን ብጠይቀውም ዝም ብሎኛል። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

የልጅ ልጄ ሶልያና እናቷ ከሞተች ጀምሮ እኔን «አዬ» እያለች ነው ያደገችው። ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ስታጣ «የቲማቲም ችግኝ አፈላለሁ» ብላ ተነሳች። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ያችኑም ዶሮ ይጭራታል። «የት ልታፈይው ነው?» ብላት «ሳሎን!» አለችኝ።

ሶዶ ገበያ ዘር ልንገዛ ሄድን። ዘር ሻጩ አሮን የሚባል የሻንቶ ልጅ ነው።

«የቲማቲም ዘር ግማሽ ኪሎ ስጠኝ» አለችው።

«ግማሽ ኪሎ? እህቴ፣ ዳሞታ ተራራን ልታለብሺው ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የእኔ ልጅ ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«ሳቁብኝ እሺ... ሰው ሳያውቅ አይጀምርም?»

አሮን ሳቁን ዋጠና አያት። እኔም ሲያያት አየሁት። ልቤ ያኔውኑ ፈራ!

«ይጀምራል እንጂ! ቤት መጥቼ አስጀምርሻለሁ» አላት።

«ቤታችን ሰው አይጠፋበትም» አልኩት ቶሎ ብዬ።

መጣ። ባዶ ሃይላንድ ለችግኝ ማፍያ እየቆረጠ፣ አፈሩን ከፍግ ጋር እየነፋ አሳያት። በየሳምንቱም መመላለስ ጀመረ። ቡቃያው ብርሃን ፍለጋ ወደ መስኮቱ ሲያጋድል «አዙሪው፣ አለዚያ ይጣመማል» ይላታል። ችግኙን ታዞራለች፤ እሷ ግን ወደ እሱ እንዳጋደለች ናት።

«አዬ፣ ጎረቤት አትሄጂም?»

«አልሄድም!»

አንድ ቀን አሮን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሶሊ... እናቴ ልታይሽ ትፈልጋለች። ችግኝሽን ይዘሽ ነይ። የእሷ ማሳ ላይ ተተክሎ ከያዘልሽ ሽማግሌ ትልካለች» አላት።

«ስለ ችግኙ ያልነገርከኝ የቀረ ነገር አለ?»

«ምንም!» አለ። ዓይኑን ግን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ችግኙን በካርቶን ደርድረን፣ በጨርቅ ሸፍነን በሚኒባስ ሻንቶ ሄድን። እናቱ እትዬ ትዕዛዝ እህል ውሃ ሳይሉን በቀጥታ ማሳው ላይ አቆሙን። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«ትከይው» አሏት።

እኔ ፈራሁ። «እትዬ፣ ሲመሽ ብትተክለው ምን አለበት? ይኼ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ምች ይመታዋል» አልኳቸው።

«የከተማ ሰው ለቲማቲምም ጃንጥላ ይይዛል እንዴ?»

ልጄ ተንበርክካ አንድ በአንድ ተከለች። ገና ውሃ ሳይቀርብላት ቅጠሉ ነጣ፣ ከዚያ አንገቱን ደፋ። ሁሉም! ልጄ እዚያው እንደተንበረከከች አለቀሰች። የእንሰቱ ጓሮ አጠገባችን ነበር፤ ሰፋፊው የኮባ ቅጠል በነፋስ ይንሿሿል። አሮን እሱ ሥር፣ ጥላው ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል።

እትዬ ትዕዛዝ በእግራቸው አንዱን ነካ አደረጉት። «ቲማቲም ያልያዘ እጅ ልጅ ይይዛል?»

በሚኒባስ ስንመለስ ሶልያና እጇን ደጋግማ ታገላብጠው ነበር። «አዬ፣ እውነት እጄ ደረቅ ነው?» አለችኝ።

ቢሆንም ተስፋ አልቆረጠችም። «እንደገና አፈላለሁ፣ እናቱን አሳያቸዋለሁ» ብላ ዘር ልትገዛ ይዛኝ ወጣች። ገበያው ውስጥ ከአሮን ጀርባ ስንደርስ ለአንዲት ሴትዮ ሲያስረዳ ሰማነው።

«ከቤት አውጥተሽ ወዲያው እንዳትተክይው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ፀሐይ አስለምጂው። አለዚያ ያልቅልሻል።»

ሶልያና ቆመች። ዞሮ ሲያየን የያዘው ዘር ከእጁ ፈሰሰ። ባጃጅ ይዘን ቤት ገባን፤ እሱም ተከትሎን መጣ። ልግባ አልግባ እያለ በር ላይ ቆመ፤ «ግባ» አለችው።

ሳሎን ገብቶ ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እናቴ ናት... 'የመጨረሻውን፣ ፀሐይ ማስለመዱን፣ አትንገራት፤ ከነገርካት የሚፈተነው የእሷ እጅ አይደለም፣ ያንተ ነው' አለችኝ። አሁን ግን ሁሉንም እነግርሻለሁ። እንደገና እንጀምር፣ ሶሊዬ!»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ማሳው ላይ ሳለቅስ አይተኸኛል?»

«አይቻለሁ።»

«አንድ የኮባ ቅጠል ቆርጠህ ብታለብሳቸው ይድኑ ነበር?»

«አንዳንዶቹ... አዎ።»

«ቢላ አልነበረህም?»

«ኪሴ ውስጥ ነበር።»

ይኼን ልጅ በቤቴ ስንት ጊዜ አብልቻለሁ!

«አሮን፣ እወድሃለሁ። ከወደድኩህ ቆየሁ» አለችው። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። «ነገ እናትህ እኔን ፀሐይ ላይ ሲያቆሙኝ ምን ታደርጋለህ? ይኼን ብቻ መልስልኝ።»

ጠበቀችው። እኔም ጠበቅሁት። ተናገር አንተ ልጅ፣ ውሸትም ቢሆን ተናገር እያልኩ በልቤ ለመንኩት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ወደ እኔ አየ፣ ወደ መስኮቱ አየ፣ መጨረሻ ላይ ጫማውን አየ።

ሶልያና ኮፍያውን አንስታ ሰጠችው።

ተቀበላት። መጋረጃውን ገፋ አደረገና ከቤቴ ወጣ።