ዝናብ ባቋረጠው ጨዋታ መሃል

ጠጋ በሉና ተቀመጡ፤ ያ ወንበር ይነቃነቃልና ግድግዳው ላይ አስደግፉት። የምነግራችሁ የአንዲት ሴት አሟሟት ነው። ደስ የሚል ወሬ አይደለም፤ ግን ብትሰሙት ይሻላል።

ከሐራሬ የመጣው የሴቶች ብሔራዊ የክሪኬት ቡድን እዚህ ዊንድሁክ ሦስት የአንድ ቀን ጨዋታዎች ነበሩት። በሁለተኛው ጨዋታ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። ዳኞቹ ጨዋታውን አቋረጡ፣ ልጆቹም ወደ መልበሻ ክፍላቸው ሮጡ። ዝናቡ ሲያባራ አሰልጣኟ ሩራማይ ማቴንጋ የለችም። የቡድን መሪው አቶ ጉምቦ ፈልጎ ፈልጎ፣ ከሜዳው ጀርባ ባለው የቆርቆሮ ልምምድ አዳራሽ ውስጥ ሞታ አገኛት።

መርማሪዋ ንዳሃፋ ሺኮንጎ ስትደርስ ከጣሪያው ገና ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ክሪኬት የሚባል ነገር አታውቅም፤ ከዓይኗ ግን ምንም አያመልጥም። ሟቿ ለመምታት የተዘጋጀች መስላ በልምምዱ መረብ መሃል ተዘርግታለች፤ ቅልጥሞቿ ላይ መከላከያ፣ እጆቿ ላይ ጓንት አለ። በግራ ጭኗ ላይ፣ ከሱሪዋ በላይ፣ ትንሽ ትራስ የመሰለ ነገር ታስሯል። ሰሌን የመሰለው ምንጣፍ ላይ አንዲት ነጭ ኳስ ወድቃለች። የጆሮ ግንዷ ተሰብሯል።

«ግልጽ ነው ሜሜ» አለ ሳጅን ሃውሴብ፣ እዚህ አገር ሴትን በአክብሮት በሚጠሩበት ቃል። «በኳስ የመታቻት ሲታቢሌ የምትባለው ወርዋሪ ናት። ውርወራዋ ኃይለኛ ነው ይላሉ። ጠዋትም ተጣልተዋል፤ ‹ካደረግሽው ዕድሜ ልኬን ይቅር አልልሽም› ስትላት ሁለት ሰው ሰምቷል።»

ሲታቢሌ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቡድኑ ከነገ ወዲያ አገሩ ይገባል፤ እሷ ግን በሰው አገር እስር ቤት ልትቀር ነው።

በዝናቡ ሰዓት ከሟቿ ሌላ ከመልበሻ ክፍሉ የወጡት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ሲታቢሌ፣ አቶ ጉምቦ እና ምክትል አሰልጣኙ ሊንዳኒ። ንዳሃፋ ያንን ትራስ መሳይ ነገር በላስቲክ ከረጢት ይዛ መጀመሪያ አቶ ጉምቦን አስጠራች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ገልብጦ አየው። «የክርን ይሆን? ሜሜ፣ እኔን አትጠይቂኝ። ከእጅ ኳስ ቢሮ ነው ያዛወሩኝ። በመጀመሪያው ቀን ጎሉ የት ነው ብዬ ጠይቄ፣ እስከ ዛሬ ‹አቶ ጎል› ይሉኛል።»

ሲታቢሌ ስትገባ ዓይኗ አብጧል።

«ለምን ተጣላችሁ ልጄ?»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እሺ ይሁን። ይሄንን እሰሪልኝ፤ አንቺ እንደምታስሪው።»

ልጅቷ ከቦርሳዋ የራሷን አውጥታ በግራ ጭኗ ላይ አሰረች። «የጭን መከላከያ ነው። ወደ ወርዋሪዋ በሚቀርበው እግር ላይ ነው የሚታሰረው፤ በቀኝ ለምንመታ ግራው ነው። በግራ የሚመታ ግን በቀኙ ነው የሚያስረው፤ እንደ እህታችን፣ እንደ ሲሲ ሩራማይ።»

«በግራ ነበር የምትመታው?»

«ባት የሚባለውን መምቻ ስትይዝ ብቻ። ሌላውን ሁሉ በቀኟ ነው። እዚህ ከመጣን ግን ወገቧን አሟት አንድም ቀን አልመታችም።»

ንዳሃፋ ከኪሷ ደረቅ ሥጋ አውጥታ ለልጅቷ አካፈለቻት። «ብዪ። ፊትሽ ገርጥቷል።»

ሊንዳኒ ሳይጠየቅ ነው የተናገረው። «ያቺ ልጅ አደገኛ ናት ሜሜ። ራስ ራስ ነው የምትወረውረው።»

«አንተ ከቡድኑ ጋር ስንት ጊዜህ ነው?»

«አራት ቀኔ። ከቡላዋዮ ጠርተውኝ በቀጥታ ወደ አውሮፕላኑ። ክሪኬትን ግን ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ።»

አመሻሹ ላይ ሁሉም መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። አግዳሚዎቹ ሞልተዋል። ሃውሴብ በሩ ላይ ቆሟል።

«ሊንዳኒ» አለች ንዳሃፋ በዝግታ፣ «ሩራማይ የምትመታው በየትኛው እጇ ነበር?»

«በቀኟ ነዋ። ስትጽፍም ስትበላም አይቻታለሁ።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ በሹክሹክታ «በግራዋ ነው» አለች።

«በግራዋ ነው» አለች ንዳሃፋ። «ወገቧንም ታማ ስለነበር ልትመታ አልገባችም። ከሞተች በኋላ ነው ያለበሷት። ያለበሳት ሰው የጭን መከላከያ ማሰርን አልረሳም፤ ስለዚህ ጨዋታውን የማያውቀው አቶ ጉምቦ አይደለም። ግን በግራ ጭኗ አሰረላት፤ ስለዚህ በየልምምዱ የምትወረውርላት ሲታቢሌ አይደለችም። ክሪኬትን የሚያውቅ፣ እሷን ግን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።»

ሊንዳኒ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። «በአንድ ማሰሪያ ሰው ነፍሰ ገዳይ ይባላል?»

«ሃውሴብ ከቦርሳህ ያወጣው ባት በውሃ ታጥቧል። እንጨቱ ውሃ ከጠጣ እንደሚበላሽ እነዚህ ልጆች ነገሩኝ። ሃያ ዓመት የኖረበት ሰው ባቱን ለምን ያጥባል? የሚታጠብ ነገር ካልነካው በቀር።»

የሊንዳኒ ዓይን ወደ ሲታቢሌ ሄደ፤ የማስፈራራት ዓይን ነበር። ንዳሃፋ አየችው። የጠዋቱ ጠብ ምን እንደነበረ ያኔ ገባት። መሃላቸው ገብታ ቆመችና ልጅቷን እንዳያያት ከለለቻት።

«የለመንሻት እንዳትናገር ነበር አይደል?» አለቻት።

ሲታቢሌ ጉልበቷን አቀፈች። «ሊንዳኒ ሁለት ማታ በሬን አንኳኳ። በሁለተኛው ማታ ገባ። ለሲሲ ነገርኳትና ወዲያው ፈራሁ። ከቡድን ይቀንሱኛል፣ አባቴም ይሰማል ብዬ ለበላዮች እንዳትጽፍ ለመንኳት። እሷ ግን ‹እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ለራሱ እነግረዋለሁ› አለችኝ።»

«እናም በዝናቡ ሰዓት ነገረችው» አለች ንዳሃፋ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ፣ ባቱ ሲያርፍባት ማንም አልሰማም።

ሃውሴብ ሊንዳኒን ይዞ ወጣ። ለሲታቢሌ የምስክርነቱን ወረቀት ፊቷ አስቀመጡላት። ንዳሃፋ «ስምሽን መደበቅ ትችያለሽ» አለቻት። አቶ ጉምቦ ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። «አባትሽ ጋ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ። ልጅቷ ወረቀቱን ሳበችና ሙሉ ስሟን ጻፈች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አንዲት ልጅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የሆነ ነገር ብትነግራችሁ፣ ወዲያውም ‹ተዉት፣ ምንም አይደለም› ብትላችሁ፣ አትተዉት። ያደረገውን ሰው ለማናገርም ብቻችሁን አትሂዱ። ሩራማይ ማቴንጋን አስታውሱልኝ።