ከግንቡ አጥር ወዲያ

«እዪማ፣ አፍንጫውን እንኳ አይዝም እኮ!» ሃና ስልኳን ራዲያ ፊት ደቀነችው።

ከትምህርት ቤት ወጥተው መርካቶ፣ በራዲያ አባት ሱቅ፣ በተደራረቡት የፕላስቲክ ባልዲዎች መሃል ተቀምጠዋል። ሃና ቅዳሜና እሁድን ያሳለፈችው ቡታጅራ፣ አጎቷ አዲስ ባሠራው ቪላ ነበር። ቪዲዮውንም የቀረጸችው ከፎቁ በረንዳ ላይ ሆና ነው። ከግንቡ አጥር ወዲያ፣ ከእንሰቱ መሃል፣ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ቆጮ የሚብላላበትን ጉድጓድ ከፍተው የደረቀውን ቅጠል በእርጥብ ይቀይራሉ።

«ሽታው አይነገርም! አጎቴ መስኮት መክፈት አቅቶታል። ደግሞ የሴት ሥራ ነው አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ይስቅበታል። ያንቺ አገር አይደል? ታውቂዋለሽ እንዴ?»

ራዲያ ነጩን ኮፍያና ጎበጥ ያለውን ትከሻ አየች። አያቷ፣ አባባ ሀምዳን ናቸው።

«እኔ? ከየት አውቀዋለሁ?» አለችና ሳቀች።

«ቆይ ሳምቡሳ ልግዛና የክፍላችን ግሩፕ ላይ እለቀዋለሁ። በሳቅ ነው የሚሞቱት!»

ሃና እንደወጣች «ዞር በሉ፣ ሸክም ነው!» የሚል ተሸካሚ መንገዱን አስከፈተ። ከኋላው አባባ ሀምዳን ብቅ አሉ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን አቅፈዋል።

«አባባ! ሳይደውሉ?»

«ብደውል አባትሽ ‹መንገዱ ያደክምዎታል፣ ይቅሩ› ይለኛል። የት አለ?»

«መስጊድ ሄዷል። ይቀመጡ።» በርጩማ አቀረበችላቸው። «ቆጮ እኮ እዚህም ሞልቷል፣ አባባ።»

«የገበያው ይጎመዝዘኛል ያልሽው አንቺ አይደለሽ? አያትሽ፣ አላህ ይማራትና፣ ካረፈች ወዲህ እጄን እያስለመድኩ ነው። መጀመሪያ አፍሬ በር ዘግቼ ነበር የምሠራው።» ጥቅሉን መታ መታ አደረጉት። «በሉ፣ ጥገቡ። የመጨረሻው ነው።»

«ለምን?»

«አዲሶቹ ጎረቤቶች ሽታው አስቸገራቸው። ጉድጓዱን ልደፍነው ነው። ጎረቤት ከሚቀየመኝ እንሰቱ ይቀየመኝ።»

ይህን እያሉ ሃና በሩ ላይ ደረሰች።

«ኡፍ! ይሄ ሽታ እስከ መርካቶ ተከተለኝ እንዴ?»

አባባ ሀምዳን ቀስ ብለው ጥቅሉን ከጋቢያቸው ሥር ሸሸጉት። ልጅቷን ቀና ብለው አላዩም።

ራዲያ ፊቷ ጋለ። ጎንበስ ብላ ጥቅሉን አወጣችና ተቀምጣ የዩኒፎርም ቀሚሷ ላይ አኖረችው። እርጥበቱ ወደ ጉልበቷ ዘለቀ።

«ሃና፣ አያቴ ናቸው» አለች። «ቅድም አላውቃቸውም ያልኩሽ ዋሽቼሽ ነው።»

ሃና ሽማግሌውን አየች፣ ስልኳን አየች። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ስልኩን ኪሷ ከተተችና አንገቷን ሰበር አድርጋ «እንደምን ዋሉ» አለች፤ ድምጿ አይሰማም ነበር።

«ደኅና፣ የኔ ልጅ። ነይ ተቀመጪ፤ አሁን አየር ይገባል» አሉ አባባ ሀምዳን፣ እንደ ጥፋተኛ።

ራዲያ ጥቅሉን ይበልጥ ወደ ራሷ ሳበችው።

«አባባ፣ አይድፈኑት። ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ። ከግንቡ ራቅ አድርገን ሌላ እንቆፍራለን፤ ቅጠሉን እኔ እቀይራለሁ።»

«አንቺ?» ሳቅ አሉ። «ከጎረቤቶቹ በረንዳ ላይ ሁሉም ነገር ይታያል እኮ።»

«ይታይ» አለች ራዲያ።